ባትሪ የጠጣው ጠበል

ዘንገና፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ይድረስ አልቅሳ ስልክ ለዘጋችብኝ ለልጅ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ራስሽን፣ ሆድሽን፣ እንቅልፍሽን እንዴት ይዞሻል? ባሕር ዳር ሙቀቱ በርትቷል ይላሉ፤ የእኛን ብርድ በጀሪካን ብልክልሽ ደስ ባለኝ። እኔን ከጠየቅሽኝ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሰው አናድዳለሁ። አክስትሽ ሙሉነሽም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር መጨቃጨቁ ተስማምቷት ወፍራለች። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ሣር ከመቅመሷ በፊት አንገቷን ዘመም አድርጋ ብዙ ታስባለች፤ ስለዚህ “ፕሮፌሰር” ብያታለሁ። ማንን አስቤ እንደሆነ አልነግርሽም።

ስልኩን ትቼ በደብዳቤ መምጣቴ አይግረምሽ። በስልክማ ገና “ሃሎ” ስልሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ የያዝኩት ምክር ሁሉ ይጠፋኛል። ኔትወርኩም ጉብታው ላይ ካልወጡለት አይመጣም፤ ሰሞኑን ጉብታ መውጣት ትቻለሁ። ይህችን ወረቀት የቆሰበሩ ሚኒባስ ሾፌር በእጅሽ ያደርስልኛል። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም። ተቆጥተሽ ብትጥይው እንኳ አንስተሽ ማንበብሽ አይቀርም፤ አውቅሻለሁ።

ያልሽኝን አልረሳሁም። “አባባ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ወደቅሁ። አኖድና ካቶድ ይምታቱብኛል። ድጋሚ ፈተናውን ሳልቀመጥ ልብሴን ሸክፌ እመጣለሁ፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም” አልሽኝ። ፈተናው ለሰኔ መግቢያ ነው ብለሻል። የቸኮልኩት ከዚያ በፊት ልደርስብሽ ብዬ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ተፈታኙ እኔ ልሁን፤ አንቺ እስክሪብቶሽን ይዘሽ አርሚኝ።

ባለፈው ክረምት የሬድዮዬን የባትሪ ድንጋዮች እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ስታገኚኝ የሳቅሽው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ያደረግሁት አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲሞቅ ለአንድ ዜና ያህል ይናገርና ተመልሶ ይተኛል። አንቺ ግን፣ “አባባ፣ ፀሐይዋ ምንም አልጨመረችበትም፤ የቀረችውን እንጥፍጣፊ አጣደፈቻት እንጂ” ብለሽ ያለቀውን ድንጋይ በቢላዬ ፈለጥሽው። ቢላዬ እስከ ዛሬ ዶልዱሞ ቀርቷል፤ ይህንንም ጻፊልኝ።

ውጭው ቆርቆሮ ዚንክ ነው አልሽኝ። መሃሉ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመው ጥቁር ዘንግ ካርቦን ነው። በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀጠቀው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ስሙን ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በዱቄቱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ ጨው የገባበት እርጥብ ሊጥ አለ። ዚንክ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት የሚቸኩል ለጋስ ነው፤ ማንጋኒዙ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ተቀባይ ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ ሊጡ መሃል ገብቷል። ሊጡ አዮን የሚባሉትን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮንን ግን “አንተ በዚህ አታልፍም” ይለዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ በውጭ በሽቦው ዞሮ ይሄዳል። ሲዞር መንገዱ ላይ አምፖል ካገኘ ያበራል፣ ሬድዮ ካገኘ ያናግራል። የሚሰጠው አኖድ ነው፤ የሚቀበለው ካቶድ ነው። ዚንኩ እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይበሳል፤ ያረጀ ድንጋይ ሬድዮ ውስጥ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

ተሳሳትኩ እንዴ? ካልተሳሳትኩ ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ማነው? ሬድዮው ነው? ቄስ ክንዴ ናቸው? ወይስ ሙሉነሽ? አንቺ ልጅ፣ ሰማንያ ዓመት የሆነው ደረቅ ራስ ውስጥ ያስገባሽውን ነገር አንቺው “አልገባኝም” ስትይ ማን ያምንሻል?

አሁን ወደ ዜናው ልምጣ። ለደብራችን አንድ ከተማ የኖረ የአገር ልጅ ሞንታርቦና የፀሐይ መብራት ሰሌዳ፣ ከነትልቅ ባትሪው መስጠቱን ታውቂያለሽ። የሚንከባከበው ዲያቆን አዝመራው ነው፤ ያ ቀጭኑ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያየው። እንዲህ ያለው ባትሪ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠማዋል። የባትሪ ውሃ የሚባለው ደግሞ ከዳንግላ ነው የሚመጣ። በዐቢይ ጾም መሃል ውሃው አለቀበት። ልጁ ሲረከብ “ንጹሕ ውሃ ብቻ ጨምርበት” ተብሎ ኖሮ፣ “ከጠበል የበለጠ ንጹሕ ከየት ይመጣል?” ብሎ ከምንጩ ቀዳ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞበት ባትሪውን ሞላው። እኔ ይህን ስሰማ አልሳቅሁበትም። ባስበው ባስበው እኔም የማደርገው ይህንኑ ነበር።

ባትሪው ግን እየሰነፈ ሄደ። ቀን ሙሉ ፀሐይ ጠጥቶ ይውልና ማንም ሳይነካው ባዶውን ያድራል። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቄስ ክንዴ “የሲኦል ደጆች ተሰበሩ!” ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሞንታርቦው እልም አለ። ሕዝቡ ሲኦል መሰበሩን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ደብሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ “ጠበሉን አሲድ ካለበት ዕቃ ጨምሮ አረከሰው፤ ከአገልግሎት ይውረድ” ይላል። ሁለተኛው፣ “ጠበል ያድናል እንጂ መቼ ያጠፋል? ልጁ ራሱ አበላሽቶ በጠበል አሳበበ፤ ይውረድ” ይላል። በምንም የማይስማሙ ሰዎች በአዝመራው ተስማሙ። ልጁ እኔ ዘንድ መጣና መሬት መሬት እያየ፣ “አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ያስተማረችዎትን በየዛፉ ጥላ ሲያወሩ ሰምቼዎታለሁ። እባክዎ መጥተው ይዩልኝ” አለኝ። ስለ አንቺ ትንሽ አወራለሁ መሰለኝ።

ሄድን። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ባትሪው ውስጥ ውስጡን እንደ ጠላ ጥንስስ ይንተከተካል። አዝመራው ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈታና ሆዱን ሊያሳየኝ ጧፍ ለኮሰ። “ሲሞላ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ይነዳል” ያልሽኝ ትዝ ብሎኝ “ተው!” ለማለት አፌን ስከፍት፣ ጧ! አለ።

የባትሪው ሽፋን ተፈናጥሮ ቆርቆሮውን ጣሪያ መታ፤ አሲዱ ተረጨ። ልጁ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ቁጣሽ። ጣትሽን አፍንጫዬ ላይ ቀስረሽ፣ “አሲድ ዓይን ከነካ ማሸት የለም፣ መጥረግ የለም፤ ውሃ፣ ብዙ ውሃ፣ ቶሎ!” ያልሽኝ። ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ ከግማሽ በታች ጠበል አለበት። ልጁን አንጋልዬ፣ የዓይኑን ቆብ በጣቴ ገልጬ፣ ያለችውን በሙሉ አፈሰስኩለት። ይጮሃል፣ ይንፈራገጣል። በአማርኛ “አርፈህ ተቀመጥ” ብለው አልሰማ ሲለኝ በአገውኛ ሰደብኩት፤ ያኔ ዐረፈ። ቄስ ክንዴ ጩኸቱን ሰምተው ሌላ ውሃ አስመጡ፤ ምንጩ ግን ቁልቁል መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ቆየ። እኔንም በቀኝ በኩል ትንሽ ፈንጥቆኝ ኖሯል። ውሃው እስኪመጣ በጋቢዬ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ጋቢዬ አሁን ወንፊት ሆኗል፤ ሙሉነሽ ዱቄት ልትነፋበት ነው።

አዝመራው ዛሬ ደህና ነው። ቅንድቡ ነዶ የተላጨ በግ መስሏል እንጂ ሁለቱም ዓይኖቹ ያያሉ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር፣ “ቶሎ ባይታጠብ ኖሮ ዓይኑ ይሄድ ነበር” አለችን። ስሚኝ፤ ያ ልጅ ዛሬ ግዕዙን የሚያነበው አንቺ ወደቅሁበት በምትይው ትምህርት ነው።

በሳምንቱ ቄስ ክንዴ ሊፈርዱ ተቀመጡ። እኔም ተነስቼ እንዲህ አልኩ፤ “የባትሪ ውሃ ማለት እንደ አረቄ ተኖ የጠለለ ነው፤ በውስጡ ምንም የለበትም። ጠበላችን ግን ከዐለት ሥር ሲወጣ ብረቱንም ጨውንም ተሸክሞ ነው። ለሰው ይበጃል፤ ባትሪው ውስጥ ሲገባ ግን ያ ብረት የእርሳስ ሰሌዳዎቹን ጉልበት ውስጥ ለውስጥ እየጨረሰ ሳይሠሩ ያደክማቸዋል። ጠበሉም አልረከሰ፣ ልጁም አልዋሸ። ጠበሉ ለዓይን ታዘዘ እንጂ ለእርሳስ አልታዘዘም፤ በታዘዘበት ቦታ ደግሞ ሥራውን ሲሠራ አይታችሁታል።”

ቄስ ክንዴ ጢማቸውን ይዘው፣ “አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?” አሉኝ። “ከልጅ ልጄ” አልኳቸው። “ያቺ ባሕር ዳር የምትማረው?” “አዎ፣ ያቺው።” “እግዜር ይባርካት። ልጁም በአገልግሎቱ ይቆይ” ብለው ተነሱ። ፈተና መውደቅሽን አልነገርኳቸውም። ስላልጠየቁኝ ነው እንጂ እኔ መቼ እዋሻለሁ? የተሰበረውንም ባትሪ፣ እርሳሱ መሬት ይመርዛል ብለሽኝ ስለነበር፣ ገደል አልጣልነውም፤ የብረታ ብረት ሰብሳቢ ወዳለበት ወደ ዳንግላ ላክነው፤ ከመናኸሪያው በጋሪ ያደርሱታል።

ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጬ የማስበው ስለዚያ ፍንዳታ ነው። ባለፈው ዓመት ፊውል ሴል የሚባለውን ነገር ጀምረሽልኝ ሳትጨርሺው ትምህርት ቤት ተከፈተና ሄድሽ። እኔ ደግሞ ያልተጨረሰ ተረት እንቅልፍ ይነሳኛል። አሁን የገባኝ ይመስለኛል፤ አርሚኝ።

ያ የነደደው የባትሪው ትንፋሽ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ሳሉ እሳት ነካቸው፤ ወጉም ሥርዓቱም ሳይደርስ በአንድ ጊዜ ተጋጠሙ። ያተረፍነው ጩኸት፣ ግለትና የነደደ ቅንድብ ብቻ ነው። ፊውል ሴል ግን እነዚህኑ ሁለቱን በሥርዓት የሚያገናኝ ቤት ነው። ሃይድሮጅን ባልና ሚስት ነው በይ፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን። እኔና አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሑድ እሑድ ከቤት አብረን ወጥተን ቅጽሩ ደጃፍ ላይ እንለያይ ነበር፤ እኔ በወንዶች በር፣ እሷ ዞራ በሴቶች በር። እኔ ፕሮቶኑ ነኝ። በፊውል ሴሉ መሃል ባለችው ቀጭን መጋረጃ ውስጥ ሾልኬ በአቋራጭ ገብቼ ምሰሶ ተደግፌ እቆማለሁ፤ የምሠራው የለኝም። እሷን ኤሌክትሮኗን መጋረጃው አያሳልፋትም። ዙሪያውን ትሄዳለች። በዚያ ዙሪያ መንገድ ላይ ግን ያዘነችውን ታጽናናለች፣ የተኳረፉትን ታስታርቃለች፣ የሕፃን ንፍጥ ትጠርጋለች። የቤታችን ስም የሚነሣው እሷ በዞረችበት መንገድ ነበር፤ እኔ ባለፍኩበት አይደለም። በኋላ ማዶ ላይ እንገናኛለን፤ ኦክስጅኑ እዚያ ይጠብቀናል፤ ሦስታችንም ውሃ እንሆናለን። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፤ ጭሱ ውሃ ነው።

ድንጋዩና ባትሪው የሚሠሩት በሆዳቸው በያዙት ስንቅ ነው። የድንጋዩ ስንቅ ካለቀ አለቀ፤ እንደ ደብራችን ያለው ባትሪ ደግሞ ያለቀውን በፀሐይ ወይም በኮረንቲ ይመልሱለታል። ፊውል ሴል ግን እንደ ውሃ ወፍጮ ነው፤ ከላይ እስከመጣለት ድረስ ይፈጫል። አንድ ነገር ግን እንቢ አለኝ። ባልና ሚስቱን ደጃፍ ላይ የሚለያያቸው ፕላቲኒየም የሚሉት ውድ ብረት ነው ብለሽኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው እየለያየ እሱ ራሱ እንዴት አያልቅም? ይህን ቄስ ክንዴም አያውቁትም፤ ጠይቄያቸው ተቆጡኝ። አንቺ አጥንተሽ ታስረጂኛለሽ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ቀልድ አይደለም። አምፖሉ ያለው በዙሪያው መንገድ ላይ ነው። ኤሌክትሮን ግን እንደ ሰው ነው፤ አቋራጭ ካገኘ ዙሩን ይተዋል። ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ባዶ ሽቦ ብታጋጥሚለት በዚያው ይሮጥና ሾርት ይሆናል። ሽቦው ይግላል፣ ባትሪው ይደክማል፣ መብራት የሚባል የለም። ልብሴን ሸክፌ እመጣለሁ ያልሽኝ ይህንኑ ነው። እኔ ዘንድ መድረስሽ አይቀርም፤ መንገዱ ግን በፈተናው በኩል ነው የሚዞር። ብትመጪ ደስ አይለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ደጃፉ ላይ የምትቀመጪባትን ዱካ ሙሉነሽ ልታነሳት ስትል እጇን መትቻታለሁ። ግን እንዲያ ሆነሽ አትምጪብኝ። ወድቀሽ ብትመጪ እቀበልሻለሁ፤ ሳትቀመጪ ብትመጪ ግን ፕሮፌሰር የሚባለውን ስም ጥጃዋ ትወስደዋለች።

ሙሉነሽ ደውላ የምትነግርሽ ነገር ካለ ግማሹን ቀንሺለት። እሷ ካፊያ ስታይ ጎርፍ ነው የምትል። ሲስተሯ እኔንም አይታኝ “ባሕር ዳር ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ” የምትል ወረቀት ጽፋልኛለች፤ ሽማግሌ ሲያዩ ወረቀት መጻፍ ይወዳሉ። ባሕር ዳር ከመጣሁ ደግሞ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም፤ መጽሐፍሽን ዘግተሽ እጄን ይዘሽኝ ስትዞሪ ልትውዪ ነው። ስለዚህ ሲስተሯን “ለሰኔ እሄዳለሁ” አልኳት። “ይህ ነገር እስከ ሰኔ አይጠብቅም” ብላ ተቆጣች፤ አንቺን ትመስላለች ስትቆጣ። እኔ ግን ቀጠሮዬን ካንቺ ፈተና ጋር አስሬዋለሁ፤ አንቺ ስትጨርሺ እኔም እነሳለሁ። መስመሩ ወደ ዳር እያዘነበለ ከመጣ ወረቀቱ ጠማማ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ልሰናበትሽ። የአባቶችሽ አምላክ አእምሮሽን ያብራልሽ፤ የያዝሽውን አይንጠቅሽ። የፈታኙን ልብ ያራራልሽ፤ አልራራ ካለም ጥያቄውን አንቺ ካነበብሽው ገጽ ያስወጣው። መውጣት መግባትሽን ይጠብቅልሽ፤ የክፉ ሰው ዓይን አይይሽ፣ ደግ ሰው አይለፍሽ። እኔ የደረስኩበት ዕድሜ ላይ ድረሽ፤ ያኔ አንቺም የልጅ ልጅሽን ታናድጃለሽ።

ከፈተናው ማግስት መጥተሽ ውሰጂኝ። እንደ ልማዴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ታገኚኛለሽ። አንቺ ደግሞ በጓሮው ዞረሽ በቀኜ በኩል ድንገት ብቅ ማለት ትወጂያለሽ፤ የአሁኑን ተዪውና በግራዬ በኩል ነይልኝ። ፊትሽን ቶሎ ልየው።

የሚወድሽ፣ የሚያናድድሽም፣
አያትሽ